የእናት ሰመመን እንቁላሉ ጋ ይደርሳል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመካንነት ሕክምና መስጫ፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ የ34 ዓመት ሴት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የሆስፒታሉን ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች፤ ነጠላዋን ግን ከትከሻዋ ማውረድ አልፈለገችም። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ከትናንት በስቲያ ማታ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ እንቁላል የሚያበስለውን የመጨረሻ መርፌ ተወግታለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ 36 ሰዓት ሲቆጠር ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ከማህፀን ውጪ ለሚደረገው ጽንሰት እንቁላሎቿ የሚወጡትም ያን ጊዜ ነው። ቢቀድም ያልበሰሉ ይሆናሉ፣ ቢዘገይም ከከረጢታቸው ወጥተው ሆድ ውስጥ ይጠፋሉ።

ሰመመን ሰጪው ቅጽ ይዞ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከትናንት ማታ ወዲህ ምን ቀመሱ?»

«ምንም። እህል በአፌ አልዞረም።»

«ውኃስ?»

«ውኃም አልጠጣሁ።»

ባልየው ከበሩ ላይ «ጸበሉንስ?» አለ።

«ጸበል እኮ ጸበል ነው» አለች፣ ውኃ ተብሎ መቆጠሩ ገርሟት።

ሰመመን ሰጪው አልተቆጣትም። በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደጠጣች ጠየቃት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ስኒ። ቅጹ ላይ ጻፈው። ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሚያስተኛውን መድኃኒት ብተወውስ? ሕመሙን እችለዋለሁ። ስምንት ዓመት የቻልኩ ሰው ይህን አልችልም? እኔን ሲያስተኛኝ እነሱንም ቢያፈዝብኝስ?»

«እነሱ» ያለቻቸው ገና ያልወጡትን እንቁላሎቿን ነው።

ያን ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት በእሷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን ላልጽፍም ቃል ገብቼላታለሁ። ጥያቄዋን ግን ለአንባቢ ማድረስ አለብኝ፤ ምክንያቱም የእሷ ብቻ አይደለም። ሰመመን ሰጪው ተመልሶ ተቀመጠ። የሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ «መድኃኒቱ እነሱም ጋ ይደርሳል፤ እውነቱን ልንገርዎት። ግን ሲጎዳቸው አልታየም።» ከዚህ አጭር መልስ ጀርባ ከአርባ ዓመት በላይ የተደከመበት ሥራ አለ።

*

ፍርሃቷ መሠረት አለው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ኬሚ ግሩነንታል የተባለ ኩባንያ ኮንተርጋን በሚል ስም አንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ አወጣ። የመድኃኒቱ መጠሪያ ታሊዶማይድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር፤ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ስለተነገረለት ነፍሰ ጡሮችም ለጠዋት ማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በኅዳር 1961 ከጀርመን ገበያ ሲነሳ፣ እጅ ወይም እግር ሳይኖራቸው፣ ወይም እንደ ቡቃያ አጥሮ፣ የተወለዱ ሕፃናት በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በዓለም ዙሪያ ቁጥራቸው ከ10,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። አሜሪካ ከዚህ መከራ በአብዛኛው የተረፈችው ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሐኪም «ማስረጃው አይበቃኝም» ብላ ፈቃዱን ስላልሰጠች ነው።

ስለዚህ «የሚያስተኛ መድኃኒት» እና «ጽንስ» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚደነግጥ ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ መከራ ሐኪሞች የተማሩት ትልቁ ነገር ጊዜን ማየት ነው። ታሊዶማይድ እጅና እግርን ያጠፋው በአንድ ጠባብ መስኮት ነበር፤ ከጽንሰት በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ፣ አካል በሚቀረጽበት ወቅት። ከጽንሰት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ሽሉ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ መተካት ይችላል። በዚህ ጊዜ ከባድ ጉዳት ቢደርስበት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፈጽሞ ይጠፋል ወይም አገግሞ ደህና ይቀጥላል። እዚህ የምንጨነቅበት መድኃኒት ደግሞ ለሳምንታት በየማታው የሚዋጥ ክኒን አይደለም፤ አንድ ጠዋት፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ያውም እንቁላሉ ገና ከወንዴ ዘር ጋር ሳይገናኝ።

ይህ ሁሉ ያረጋጋል፤ ጥያቄውን ግን አይዘጋውም። በዚያች ሰዓት እንቁላሉ ያለበት ሁኔታ ራሱ ስስ ነውና።

*

ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አልጋው ላይ ተጋደመች። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሞቅ ያለ፣ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው፤ ለእሷ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለእንቁላሎቹም ሲባል። ጣቷ ላይ የኦክስጅን መጠን የሚለካው ቆንጣጭ ተሰካ፤ የልቧ ምት ትን፣ ትን እያለ ይሰማል። ሲስተሯ የኦክስጅን ጭምብሉን አደረገችላት። ሰመመን ሰጪው በግራ እጇ ወዳለው ካኑላ በመጀመሪያ ሕመም የሚያስታግሰውን ፌንታኒል ጥቂት፣ ቀጥሎ ከትልቁ ስሪንጅ ወተት የመሰለውን መድኃኒት ቀስ ብሎ ገፋ።

«ክንድዎን ትንሽ ያቃጥልዎታል።»

«አዎ፣ አቃ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርሰው ዓይኗ ተከደነ።

ወተት የመሰለው ፕሮፖፎል ነው። ንጣቱ የመጣው ከሚሟሟበት ነገር ነው፤ ፕሮፖፎል ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ በአኩሪ አተር ዘይትና ከዶሮ እንቁላል አስኳል በሚወጣ ቅባት ተበጥብጦ ይዘጋጃል። ያገኘው ጆን ግሌን የተባለ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በእንግሊዙ አይ ሲ አይ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ። በ1986 ለሐኪሞች ቀረበ፤ ግሌንም በ2018 ለዚህ ሥራው የላስከር ሽልማትን ተቀበለ። ዛሬ በዓለም ላይ ለአጭር ሕክምና ሰው የሚያስተኙ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት እሱን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያስተኛል፣ ሲቆም ደግሞ ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ፈጥኖ ስለሚበተን ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል።

ስብ የሚወድ መሆኑ ግን ሌላም መዘዝ አለው። የሕዋስ ሽፋን ራሱ በዋናነት ከስብ የተሠራ ነው። ስለዚህ ፕሮፖፎል ወደ አንጎል በቀላሉ እንደሚገባ ሁሉ፣ እንቁላል ወዳዘለውም ከረጢት ይገባል።

ሐኪሟ በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ጥቁር ክብ ክብ ነገር አሳየችኝ። እያንዳንዱ ክብ ፈሳሽ የሞላው ከረጢት ነው፤ ትልቁ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ረጅሟ መርፌ በብልት ግድግዳ በኩል ገብታ አንደኛውን ክብ ስትነካ ክቡ በዓይኔ እያየሁት ተኮማተረ። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ሲስተሯ በሞቀ ብረት ውስጥ ወደያዘችው የሙከራ ቱቦ ገባ። የተነጠረ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነው፤ ትንሽ ደም ጠብ ብሎበታል። ቱቦው በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት በኩል ወደ ቤተ ሙከራው አለፈ። ከወዲያ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«አለ!»

ቆይቶም «ሁለት!» ተባለ። እንዲህ እየተቆጠረ ዘጠኝ ደረሰ።

በማይክሮስኮፑ እንዳይ ተፈቀደልኝ። እንቁላሉን ብቻውን አላየሁትም፤ ዙሪያውን ያቀፉት ሕዋሳት እንደ ተልባ ውኃ ዝልግልግ ብለው ከበውታል። መሐላቸው ላይ ብሩህ ነጥብ አለች። ስፋቷ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አሥሩ ቢሰለፉ የአንዲት ጤፍ ርዝመት ያህላሉ። ባለሙያዋ በቀጭን ብርጭቆ ቱቦ አንስታ ንጹሕ ፈሳሽ ወዳለበት ሰሃን አዛወረቻት፤ አጠበቻት፤ ደግማ አጠበቻት። ከዚያ በ37 ዲግሪ ወደሚሞቀው ኢንኩቤተር አስገባቻት። መርፌው ከረጢቱን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም።

እንቁላሉ ከመድኃኒቱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ እንግዲህ እናቲቱ ከተኛችበት እስከ ማጠቢያው ሰሃን ድረስ ያለው ነው። የመጀመሪያው እንቁላል ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ የመጨረሻው ለሃያ፣ ቢበዛ ለሠላሳ። ይህ ልዩነት ለተመራማሪዎች ትልቅ በር ከፍቶላቸዋል። ከአንዲት ሴት፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መድኃኒት የወጡ እንቁላሎች ሆነው ሳለ አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ ቀምሷል። መድኃኒቱ መርዝ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ያነሱ መሆን አለባቸው።

*

ታሪኩ የሚጀምረው ሰመመኑ ዛሬ ከምናየው እጅግ የከበደ በነበረበት ዘመን ነው። በኅዳር 1977 እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ውስጥ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ ከሌስሊ ብራውን አንዲት እንቁላል ሲያወጣ፣ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቷት፣ ሆዷ በጋዝ ተነፍቶ፣ በእምብርቷ በኩል መመልከቻ ቱቦ ገብቶ ነበር። እንቁላሏን ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስና የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ጂን ፐርዲ ተቀበሉ። በሐምሌ 25 ቀን 1978 ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማህፀን ውጪ በተደረገ ጽንሰት የተገኘች የመጀመሪያዋ ሰው። ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ተሸለመ። ስቴፕቶና ፐርዲ ያን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ሉዊዝ ሙሉ ሰመመን ካለፈባት እንቁላል መወለዷ ራሱ አንድ ምስክር ነው። አንድ ምስክር ግን አይበቃም። በ1987 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ያንኑ የፊተኛና የኋለኛ እንቁላል ንጽጽር አደረጉ፤ በኋላ የወጡት እንቁላሎች ከፊተኞቹ ያነሰ ጽንሰት አሳዩ። ይህ አስደነገጠ። ግን ጥፋተኛው ማን ነው? ሰመመኑ ነው ወይስ ሆዱን የነፋው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ? ሁለቱ በአንድነት ስለተሰጡ መለየት አልተቻለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአልትራሳውንድ እየታየ በብልት በኩል ማውጣት ሲለመድ ጋዙ ቀረ፤ ከባዱም ሰመመን አብሮት ቀረ። ለሳይንሱም ለሴቶቹም ትልቅ ዕረፍት ነበር።

የሚተነፈሱት ሰመመኖች እስከዛሬ ጥርጣሬው አልለቀቃቸውም። ናይትረስ ኦክሳይድ ከቫይታሚን ቢ12 ጋር የሚሠራ፣ ለዲ ኤን ኤ ግንባታ የሚያስፈልግ ኢንዛይምን ያስቆማል። አንዳንድ ጥናቶች የእርግዝናውን ዕድል ይቀንሳል አሉ፤ ሌሎች ምንም ልዩነት አላገኙም። በአገራችን ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ሃሎቴንም በአንዳንድ ጥናት ጥሩ ስም አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው ቀላል ነገር ነው፤ የተሻለ እያለ የተጠረጠረውን መምረጥ ምክንያት የለውም። ዛሬ ለዚህ ሥራ ጋዝ እምብዛም የማይመረጠውም ለዚህ ነው።

*

የፕሮፖፎልን ጉዳይ ፊት ለፊት የገጠሙት ቤልጅጎች ናቸው። በ1992 የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከከረጢቶቹ የወጣውን ፈሳሽ መርምረው ፕሮፖፎል እንደሚጠራቀምበት አሳዩ። ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ደግሞ የአይጥ እንቁላሎችን በፕሮፖፎል ውስጥ ያቆዩ ቤተ ሙከራዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መጠኑ ሲበዛ ጽንሰቱ እንደሚቀንስ ዘገቡ።

እዚህ ላይ ሰው ሊፈራ ይችላል። ያን ጊዜ የነበሩ ሐኪሞችም ፈርተዋል። ፍርሃቱን ለመረዳት እንቁላሉ በዚያች ሰዓት ምን ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ክፍፍል ተሰልፎ፣ ክሮሞሶሞቹን በቀጫጭን ክሮች ይዞ፣ ልክ ሯጭ መነሻ መስመር ላይ እንደሚቆም ቆሟል። የወንዴው ዘር ሲገባ ካልሲየም በውስጡ በማዕበል ይመላለሳል፤ ያ ማዕበል ነው «ጀምር» የሚለው። ክሮቹን የሚበጥስ ወይም ማዕበሉን ያለ ጊዜው የሚያስነሳ ነገር ቢመጣ ሥራው ይበላሻል። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በ1988 ካምብሪጅ ላይ እንደታየው፣ የሰው ሽል በራሱ ጂኖች በስፋት መሥራት የሚጀምረው አራት ሕዋስ ከሆነ በኋላ፣ ስምንት ከመሆኑ በፊት ነው። እስከዚያ የሚኖረው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባኖረችለት ስንቅ ነው። ስንቁ ከተበላሸ የሚተካ የለም።

ስለዚህ የአይጡ ጥናት በሰው መፈተሽ ነበረበት። ይህን ያደረጉት በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ናቸው፤ በ1992 አንድ የወንዴ ዘር በመርፌ ወደ እንቁላል በማስገባት የመጀመሪያዎቹ ልጆች የተወለዱበት ማዕከል ነው። በ1998 በፕሮፖፎል የተኙ ሴቶችን፣ የማህፀን በር አካባቢ ብቻ ከደነዘዘላቸው መሰሎቻቸው ጋር አነጻጸሩ፤ በጽንሰቱም በእርግዝናውም ልዩነት አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያንን የፊተኛና የኋለኛ ንጽጽር ወሰዱ። በከረጢቱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮፖፎል ጊዜው በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። የመጨረሻው እንቁላል ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ቀምሷል። ሆኖም የበሰሉት ብዛት፣ የጸነሱት ብዛት፣ የሽሎቹ አከፋፈል ከፊተኞቹ አልተለየም።

ለእኔ ከሁሉም ጥናት ይህ ይበልጥ ያሳምነኛል። የሁለት ሴቶች ልዩነት በዕድሜ፣ በሕመም፣ በባል ሊሳበብ ይችላል። የአንዲት ሴት የመጀመሪያና የመጨረሻ እንቁላል ግን እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ሚዳዞላም የተባለው ማረጋጊያም ፌንታኒልም በከረጢቱ ፈሳሽ ውስጥ ተገኝተዋል፤ መጠናቸው ግን በጣም ጥቂት ነው። ኬታሚን፣ የአገራችን ሰመመን ሰጪ ሁሉ እንደ ራሱ እጅ የሚያውቀው፣ ከሚዳዞላም ጋር ተሰጥቶ በ1999 እስራኤል ውስጥ ከፕሮፖፎልና ፌንታኒል ሰመመን ጋር ሲወዳደር ውጤቱ አልተለየም። ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን በአይጥ እንቁላል ላይ መጠኑ ሲበዛ ጎድቷል፤ በሴቶች ላይ በተለመደው መጠን ሲሰጥ ግን ጉዳቱ አልታየም። በ2018 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት 24 ሙከራዎችን፣ 3,160 ሴቶችን ያካተተ ግምገማ አወጣ። አንዱ የማስታገሻ ዘዴ ከሌላው በእርግዝና ውጤት በልጦ አልተገኘም። ሁለት ዘዴዎችን ማቀናጀት ግን ሕመሙን ከአንዱ ብቻ በተሻለ ያስታግሳል።

ባለሙያዎቹ እንቁላል ላይ ስለሚደርስ አደጋ ሲያወሩ ከፕሮፖፎል በፊት የሚጠሩት ብርድን ነው። የሰው እንቁላል ለአሥር ደቂቃ ያህል ወደ ክፍል ሙቀት ቢወርድ ክሮሞሶሞቹን የያዙት ክሮች ሊፈርሱ እንደሚችሉ በ1990 ታይቷል፤ ሲሞቅም ሁሌ አይመለሱም። ያቺ ሲስተር ቱቦውን በሞቀ ብረት ውስጥ የያዘችው ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ በሴኮንዶች ውስጥ መነሳቱ ከማንኛውም የመድኃኒት ምርጫ ይልቅ ለእንቁላሉ ሕይወት ነው።

*

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ካነበብኩና ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ቦታ እሷ ነችና።

ስለ እንቁላሉ ስንጨነቅ እናቲቱን እንረሳታለን። ያን ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ ለአደጋ የተጋለጠች ሕይወት ብትኖር አልጋው ላይ የተኛችው ነበረች። ፕሮፖፎል አተነፋፈስን ያዳክማል፤ ከፌንታኒል ጋር ሲሰጥ ይበልጥ። የደም ግፊትን ይጥላል። የተኛ ሰው ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ መጥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ፕሮፖፎልን የሚያከሽፍ ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ያለው መፍትሔ ትንፋሹን የሚጠብቅ፣ ሲያስፈልግ በጭምብልና በፊኛ የሚያስተነፍስ የሠለጠነ ሰው ነው። ያን ቀን ሰመመን ሰጪውን ለሃያ ሁለት ደቂቃ ተመለከትኩት። መርፌውንም ስክሪኑንም አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። ዓይኑ ከደረቷ መነሳትና መውደቅ አልተነቀለም፤ ግራ እጁ አገጯን ደግፎ ቀና አድርጎ ይዟል።

የጸበሉ ጥያቄም ለዚህ ነበር። በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ውኃና ወተት ያልገባበት ቡና ወይም ሻይ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ይፈቀዳል፤ ቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠበቅለታል። አንድ ስኒ ጸበል ከአራት ሰዓት በፊት ምንም አይደለም። ጠዋት «ለብርታት» ተብሎ የተጠጣ አጥሚት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አጥሚት ምግብ ነው። ሰመመን ሰጪው እንደነገረኝ አብዛኞቹ ሴቶች አይዋሹም፤ ጸበልና የበረከት ነገር እንደ መብላት ስለማይቆጠር ብቻ አይነግሩትም። ስለዚህ ለይቶ፣ በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል።

ማስታገሻውን እምቢ ማለትስ? አንዳንድ ሴት ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት፣ ነቅታ ትጨርሳለች፤ ጥቂት ከረጢት ብቻ ካላት ይቻላል። ዘጠኝ ከረጢት ባላት ሴት ግን መርፌው ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚመላለሰውም ከትልልቆቹ የዳሌ ደም ሥሮች በሚሊ ሜትሮች ርቀት ነው። ድንገት የተንቀሳቀሰች ሴት የተጎዳች ሴት ልትሆን ትችላለች። ሕመምን መቻል በእኛ ዘንድ የእናትነት ማዕረግ ሆኖ ኖሯል። እናቶቻችን ቻሉ፤ አማራጭ ስላልነበራቸው ቻሉ። ሕመሟን በመቻሏ ግን እንቁላሎቿ ያተርፉት የነበረ ነገር የለም፤ ይህን ጥናቱ ይነግረናል።

ከዚህ በኋላ ሽሉ ከሰመመን ጋር አይገናኝም። ከሦስት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ማህፀን ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ማስተኛት አያስፈልግም፤ ለስላሳ ቱቦ ነው የሚገባው። የአሜሪካ መድኃኒት ቁጥጥር በ2016 ያወጣውን ማስጠንቀቂያ የሰሙ ሰዎች ይፈራሉ፤ ያ ማስጠንቀቂያ ግን ከሦስት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናትና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ስላሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ያውም ስለተደጋገመ ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ ስለቆየ ሰመመን ነው። ከእንቁላል ማውጣት ጋር አይገናኝም። ሽሉ ከተመለሰ በኋላ በጭንቀት ምክንያት ከቤት የእንቅልፍ ክኒን አንስቶ መዋጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ሐኪም አይደረግም።

ከማህፀን ውጪ ጽንሰት የሚደረግበት ይህ ሕክምና ለኢትዮጵያ አዲስ ነው። አቅም ያላቸው ባለትዳሮች ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄዱ ነበር፤ አቅም የሌላቸው ዕጣ ፈንታቸው ነው ተብለው «መካን» የሚለውን ስም ተሸክመው ይኖሩ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 በመንግሥት ተቋም ውስጥ ማዕከል ከፈተ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ታድለዋል፤ የአገሩ የጤና መድን ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሆናት ድረስ ለሁለት ልጆች ወጪውን ይሸፍናል። እኛ ዘንድ ብዙ ባለትዳሮች አንድን ሙከራ የሚገቡት መሬት ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው ነው። እንዲህ በተገኘ ዕድል ላይ የተቀመጠች ሴት በማንኛዋም ትንሽ ነገር ትጨነቃለች። ጭንቀቷ መከበር አለበት፤ መልስም ማግኘት አለበት። «አይጎዳም» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም።

*

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነቃች። የመጀመሪያ ቃሏ «ስንት?» የሚል ነበር። «ዘጠኝ» አላት ባሏ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነጠላዋን ጎተተችና ሸፈነችው።

በማግስቱ ከቤተ ሙከራው ተደወለላት። ከዘጠኙ ሰባቱ የበሰሉ ነበሩ፤ ከሰባቱ አምስቱ ጸንሰዋል። ከአምስቱ መሐል የመጨረሻው የወጣው፣ ከሁሉም ይልቅ ሰመመኑ የቆየበት፣ እንደሚገኝበት ባለሙያዋ ነገረቻት። አንዲት ሴት ለሳይንስ ማስረጃ አትሆንም፤ ለእሷ ግን በቂዋ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲገባ የእርግዝና የደም ምርመራዋ ቀን ገና አልደረሰም።

እርስዎም ያን ቀጠሮ እየጠበቁ ከሆነ፣ ማስታገሻውን ለእንቁላሎቹ ብለው አይተዉት። ይልቅ አልጋው ላይ ከመውጣትዎ በፊት ትንፋሽዎን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ሌላ ሥራ ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቁ። ጠዋት በአፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩት፤ ጸበሉንም ጭምር።